«ሳይቃጠል በቅጠል» ለጦርነትም ይሠራል? ስለ ኢራቅ የምር ጥያቄ አለኝ

የጎፋው ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ከአጎቴ ጋር ተከራከርን። እሱ በጁን 2025 እስራኤልና አሜሪካ የኢራንን የኒውክሌር ጣቢያዎች መምታታቸው ልክ ነው ባይ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ኢራቅን አነሳሁበት። ከዚያ ወዲያ መላቀቅ አቃተን። በረካው ተጠጥቶ አልቆ ሲኒው ታጥቦ እኛ እዚያው ነን።

የእኔ ነጥብ ይሄ ነው። ሳዳም በ1991 ከኩዌት ከተባረረ በኋላ 12 ዓመት ሙሉ ታጥሮ ነው የኖረው። ማዕቀብ አለበት። በሰሜንና በደቡብ በኩል በገዛ ሰማዩ ላይ አውሮፕላን ማብረር አይችልም። የተመድ ተቆጣጣሪዎች እስከ 1998 አገሩ ውስጥ ነበሩ፣ በኖቬምበር 2002 ደግሞ ተመልሰው ገቡ። ታዲያ እነሱ ገና እየፈተሹ ሳለ አሜሪካ በማርች 2003 መዝመቷ ምን የሚሉት ችኮላ ነው? ደግሞም አሜሪካ ራሷ የላከችው አጣሪ ቡድን በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ ያ ሁሉ የተወራለት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት እንዳልነበረ አረጋግጧል።

አጎቴ ግን በአንድ ጥያቄ አፌን አስያዘኝ። «አንተ መጨረሻውን አይተህ ነው የምታወራው። ያኔ ማን ያውቅ ነበር? ጎረቤትህ ክብሪት ይዞ የሚዞር እብድ ቢሆን፣ ጣራህ እስኪነድ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። ጠላትን ዙሪያውን አጥሮ መያዝ፣ አስፈርቶም መግታት (ኮንቴይንመንትና ዲተረንስ የሚሏቸው) የሚበቃው መቼ ነው? ቀድሞ መዝመትስ መቼ ነው ልክ የሚሆነው? ስድብ ይቅርብን፣ የምር መረዳት ፈልጌ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «ቀድሞ መምታት» በሚል አንድ ስም ነው የምንጠራቸው። ክርክራችሁ የተጣበቀውም እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ሰውየው ዱላውን ወደ ላይ አንስቷል እንበል። እጁ ሳይወርድ ቀድመህ ብትመታው ማንም ሽማግሌ አይፈርድብህም። ሌላው ደግሞ፣ ሰውየው ዛሬ ባዶ እጁን ነው፣ ግን «ነገ ጫካ ወርዶ ዱላ ይቆርጥ ይሆናል» ብለህ ዛሬ ቤቱ ድረስ ሄደህ ትመታዋለህ። የመጀመሪያው የደረሰን አደጋ መመከት ነው፣ ፕሪኤምፕሽን የሚሉት። ሁለተኛው ፕሪቬንቲቭ ዋር የሚባለው ነው። አደጋው ገና አልደረሰም፣ ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል እንጂ። ለመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጁን 1967 ነው። የግብፅ ጦር ሲና ገብቷል፣ የተመድ ሰላም አስከባሪ እንዲወጣ ተደርጓል፣ የቲራን ወሽመጥ ተዘግቷል። እሱም ቢሆን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኢራቅ ግን ያለጥርጥር ሁለተኛው ነው። የቡሽ መንግሥት በሴፕቴምበር 2002 ባወጣው የደህንነት ስትራቴጂ ላይ ስሙን ከመጀመሪያው ወሰደ፣ ሥራውን ግን በሁለተኛው መንገድ ሠራ።

ይሄ ሐሳብ ደግሞ በ2002 የተፈጠረ እንዳይመስልህ። ሶቪየት በኦገስት 1949 የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምብ ስትሞክር፣ ዋሽንግተን ውስጥ «ሳይጠነክሩ አሁኑኑ እንምታቸው» ያሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ፍራንሲስ ማቲውስ በ1950 ቦስተን ላይ በአደባባይ ተናግሮታል። ፕሬዝዳንት ትሩማን ገሠጸው እንጂ አልተቀበለውም። የአየር ኃይል የጦር ኮሌጁ አዛዥም ተመሳሳይ ነገር ተናግሮ ከሥራው ታገደ። አስበው እስቲ፣ ጠላቱ ስታሊን ነው። ክብሪት የያዘ ጎረቤት ከተባለ ከስታሊን በላይ ማን ይመጣል?

የተመረጠው ሌላ መንገድ ነበር። ጆርጅ ኬናን የሚባል አሜሪካዊ ዲፕሎማት በፌብሩዋሪ 1946 ከሞስኮ ረጅም ቴሌግራም ላከ፣ በ1947 ደግሞ ሐሳቡን በመጽሔት ጽሑፍ አወጣ። የሁለቱ ፍሬ ነገር፣ ይሄ የሶቪየት ሥርዓት በሽታውን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው፣ እንዳይስፋፋ አጥራችሁ በትዕግሥት ጠብቁት፣ ወይ ይለዝባል ወይ ይፈርሳል የሚል ነው። ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። በዲሴምበር 1991 ፈረሰ። እኚያው ኬናን በ2002 መጸው የ98 ዓመት አዛውንት ሆነው የኢራቅን ጦርነት ተቃውመው ተናግረዋል።

ሐቁን እንነጋገር፦

መምህር፣ ከአክብሮት ጋር አንድ ነገር ልጨምር። «አጥሮ መያዝ» እንደዚህ ሲወራ የዋህ ነገር ይመስላል። አጥሩ ውስጥ ማን አለ ብለን እንጠይቅ እንጂ።

ኢራቅ ውስጥ በማዕቀቡ የተጎዳው ሳዳም አይደለም። እሱ ቤተ መንግሥት ላይ ቤተ መንግሥት ይሠራ ነበር። የተጎዳው መድኃኒት ያጣው፣ ንጹሕ ውሃ ያጣው፣ ደሞዙ ለአንድ ሳምንት የማይበቃው ሕዝብ ነው። ነዳጅ ሸጦ ምግብ እንዲገዛ የተፈቀደው ፕሮግራም ሥራ የጀመረው በ1996 መጨረሻ ነው፣ ማዕቀቡ ከተጣለ ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። አጥሩም ቀዳዳ ነበረው። ነዳጁ በሶሪያ፣ በቱርክና በዮርዳኖስ በኩል በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። ደግሞ ሰውየው በማርች 1988 ሐላብጃ ላይ የራሱን ዜጎች፣ ኩርዶችን፣ በመርዝ ጋዝ የፈጀ ነው። «እብድ» መባሉ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቀድሞ መምታት ሁሉ ኢራቅ 2003 አይደለም። በሴፕቴምበር 2007 እስራኤል ሶሪያ ውስጥ ዴር ኤዝ ዞር በረሃ የነበረውን የኒውክሌር ሪአክተር በአንድ ሌሊት አፈረሰች። ጦርነት አልተነሣም፣ የያኔው የሶሪያ መሪ አሳድም ዝም አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ አካባቢ በአይሲስ እጅ ወደቀ። ሪአክተሩ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ እስቲ ለአንድ ደቂቃ አስቡት። እኔ ስለዚህች ጉዳይ ሳስብ «ትዕግሥት» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ከሐይፋ፦

ወንድሜ የጎፋው ልጅ፣ ስለ ሳዳም ሚሳኤል ከሥሩ ሆኜ ልንገርህ።

እኔ በሱዳን በኩል በእናቴ ጀርባ ታዝዬ እስራኤል የገባሁ ነኝ። በጃንዋሪ 1991 ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐይፋ አጠገብ ነበርን። ለእያንዳንዱ ሰው የጋዝ ጭምብል በካርቶን ሣጥን ታድሎናል፣ ማንገቻ ስላለው ትምህርት ቤት ስንሄድም እንደ ቦርሳ አንግተነው ነው። ራዲዮው «ናሐሽ ጼፋ» ሲል፣ እፉኝት ማለት ነው፣ የማስጠንቀቂያው ምስጢር ቃል ነበር፣ ሁላችንም አንድ ክፍል እንገባለን። አባቴ የመስኮቱን ጠርዝ በፕላስተር አሽጎታል። በሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ይወሸቃል። እናቴ ጭምብሉ ሻሿ ላይ አልገባ እያላት ትቸገር ነበር። ወላጆቼ ዕብራይስጡን ገና በደንብ አይሰሙም፣ ስለዚህ ራዲዮው የሚለውን የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት እንግዲህ «ጋዝ አለ» ወይም «ጋዝ የለም» ብላ የምትነግራቸው።

ወደ 40 የሚጠጉ ስከድ የሚባሉ የሳዳም ሚሳኤሎች ወደቁብን። አንዱም ጋዝ አልነበረበትም።

ይሄን ነገር ካደግኩ በኋላ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ያኔ ሳዳም ኬሚካሉ ነበረው። ሐላብጃ ላይ ተጠቅሞበታል፣ ኢራን ላይም ተጠቅሞበታል። እኛ ላይ ግን አልተጠቀመም። ለምን? ጦርነቱ ሊጀመር ስምንት ቀን ሲቀረው ጄኔቫ ላይ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር ለኢራቁ አቻው ለጣሪቅ አዚዝ ያንን መሣሪያ ብትጠቀሙ የሚመጣባችሁን ታያላችሁ ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። እስራኤልም ምን እንዳላት ሁሉም ያውቃል። ሰውየው ጨካኝ ነው፣ ግን ነፍሱን ይወዳል። እኔ ዛሬ በሕይወት ያለሁት ጠላቴ ስለፈራ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2003 ግን እዚህ ሰፈር ብዙ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ጦርነቱን ደግፈን ነበር። ፍርሃቱ ከአጥንታችን አልወጣማ። ለዚህ ነው አጎትህን የማልፈርድበት። ፕላስተር በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው «እስቲ እንጠብቅ» ሲሉት ይናደዳል።

ጡረተኛው መምህር፦

እህቴ ከሐይፋ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን አንቺ በፎጣና በፕላስተር አየሽው።

«ሐቁን እንነጋገር» ያልከው የማዕቀቡ ጉዳት እውነት ነው፣ አልከራከርህም። አጥሩ ሲታጠር ሕዝቡን ሳይሆን መሣሪያውን ብቻ እንዲይዝ አድርጎ ማጠር ይቻል ነበር፣ በዚያ በኩል ጥፋት ተሠርቷል። ግን ሁለት ነገር እንጨምርበት።

አንደኛው «ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» የሚለው የአጎትየው ጥያቄ ነው። ብሊክስና ኤልባራዳይ የሚመሯቸው ተቆጣጣሪዎች ከኖቬምበር 2002 እስከ ማርች 2003 ከ700 በላይ ፍተሻ አድርገዋል። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይበሩ የተከለከሉትን አል ሳሙድ ሚሳኤሎች በቡልዶዘር እያስጨፈለቁ ነበር። በጦርነት ሊፈርስ የተፈለገው ነገር ዓይናቸው እያየ በቡልዶዘር እየፈረሰ ነው! ወራት ቢሰጣቸው መልሱ ይገኝ ነበር። «አላወቅንም» ማለት የሚቻለው የሚያውቀውን ሰው ከስፍራው ካላስወጣኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ነው። ሳዳም መሣሪያውን በ1991 አጥፍቶት ከሆነ፣ ታዲያ ለምን በግልጽ «የለኝም፣ ኑና ሁሉንም እዩ» አላለም? ከተያዘ በኋላ ለአሜሪካ መርማሪዎች የሰጠው ምክንያት ኢራን ነው። ባዶ እጁን መሆኑን ጎረቤቱ እንዳታውቅበት ፈርቶ ነበር። ስምንት ዓመት ተዋግተዋላ። ስለዚህ ኪሱ ውስጥ ምንም ሳይኖር እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ቴህራን እንድትፈራ የተደረገውን ነገር ዋሽንግተን አየችውና ፈራች፣ የፈራችውም ተነሥታ መጣችበት። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው በሁለቱም ላይ ደረሰ። አስፈርቶ መግታት እንዲህ ዓይነት ጉድ አለው፤ አንዱን ጠላት ለማስፈራት ያሳየኸውን ሌላው አይቶ ይነሣብሃል። መድኃኒቱ ግን መነጋገርና መፈተሽ ነው።

እንዲያውም አለማወቅን በተመለከተ ከኢራቅ የከፋውን ልንገራችሁ። ኦክቶበር 1962፣ ኩባ። ሶቪየት እዚያ የኒውክሌር ሚሳኤል ተክላለች። የአሜሪካ አየር ኃይል አዛዡ ጄኔራል ለሜይና ሌሎቹ አዛዦች ኬኔዲን ደሴቱን እንደብድብና እንውረር እያሉ ይወተውቱት ነበር። የአሜሪካ ስለላ ኩባ ውስጥ 10,000 ገደማ የሶቪየት ወታደር አለ ብሎ ገምቷል። የነበሩት ከ40,000 በላይ ናቸው። ደግሞም ወራሪ ጦር የባሕር ዳርቻ ላይ ሲወርድ የሚተኮሱ አነስተኛ የኒውክሌር መሣሪያዎች ደሴቱ ላይ ገብተው ነበር። ይሄንን በዋሽንግተን ማንም አያውቅም። የያኔው የመከላከያ ሚኒስትር መክናማራ ራሱ ይህንን በአግባቡ የሰማው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ሐቫና ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። ኬኔዲ በመርከብ አጠረ፣ በጎን በኩል ደግሞ ከቱርክ ሚሳኤሎቹን ሊያወጣ ተስማማ። በ13 ቀን አለቀ። «ቀድመን እንምታ» ቢባል ኖሮ የሚያውቁትን ሳይሆን የማያውቁትን ነበር የሚመቱት።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦

እኔ አያቴ ኮሪያ ዘምቷል። ስለ «ማጠር» ሲወራ የማስበው እሱን ነው።

ብዙ ሰው ኮንቴይንመንት ማለት ያለ ጦርነት መቀመጥ ይመስለዋል። አይደለም። ኮሪያ ጦርነት ነው። የኛ ቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ፑሳን ወርዶ እስከ መጨረሻው ተዋግቷል፣ ከ120 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች እዚያ ሞተዋል፣ አንድም የተማረከ የለም። አያቴ ስለ ኮሪያ ሲያወራ ስለ ብርዱ ነው የሚያወራው። በረዶ ላይ ስለ መቆፈር። አንድ ኮረብታ ይዘው፣ ለቀው፣ እንደገና ስለ መያዝ።

ልዩነቱ መስመር መኖሩ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ መልሰን እንቆማለን የሚል። የተመድ ጦር አዛዡ ጄኔራል ማክአርተር በ1950 መስመሩን አልፎ እስከ ቻይና ድንበር ሲገፋ ቻይና ገባችና የጦርነቱ መልክ ተለወጠ። ቀጥሎ ወደ ቻይናም እናስፋው ሲል ትሩማን በኤፕሪል 1951 አሰናበተው። የኛዎቹ የደረሱት ከዚያ ወር በኋላ ነው። እና በጁላይ 1953 እዚያው መሃል ላይ ቆመ። አያቴ «አሸንፋችሁ ነበር?» ስለው «አስቆምናቸው» ነበር መልሱ። ልጅ ሆኜ ይሄ መልስ አያጠግበኝም ነበር። ሰውየው ግን ሴኡል ዛሬ ምን እንደምትመስል በቴሌቪዥን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር።

ባይደዋ 99፦

ሁላችሁም ሩቅ ሄዳችሁ። እኛ ራሳችን አድርገነው የለም እንዴ?

ዲሴምበር 2006። የሶማሊያ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት። ፓርላማችን በኖቬምበር መጨረሻ «ግልጽና ድርስ አደጋ» ነው ብሎ አጸደቀ፣ ጦሩም ገባ። ከኅብረቱ ውስጥ ጂሃድ ያወጁብን ነበሩ፣ ኦጋዴንን የሚያነሡም ነበሩ፣ ስለዚህ ስጋቱ ከአየር የመጣ አይደለም። ግን ገና የተነሣ ዱላ ነበር ወይስ ነገ ሊቆረጥ የሚችል? መምህር ከላይ ያሉትን ሳነብ ይሄንን ነው የጠየቅኩት።

ወንድሜ እዚያ ነበር። ባይደዋ አጠገብ ተዋግተው፣ በሳምንት ውስጥ ሞቃዲሾ ገቡ። ያኔ ስልክ ሲደውል ድምፁ ደስተኛ ነበር፣ «አለቀ፣ ለገና እንመጣለን» አለን። እናታችን ዶሮ አስገዛች። የተመለሰው በጃንዋሪ 2009 ነው። ጦርነቱ ሳምንቱ አልነበረም፣ ከሳምንቱ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ናቸው። በኅብረቱ ውስጥ ከነበሩት ቡድኖች አንዱ የነበረው አልሸባብ የውጭ ጦር እንዋጋለን እያለ ጎለበተ፣ እስከ ዛሬም አለ። የኅብረቱ ሊቀመንበር የነበሩት ሼክ ሸሪፍ ደግሞ ጦራችን በወጣበት በዚያው ወር የሶማሊያ ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ። ከኢትዮጵያም ጋር ተግባብተው ሠሩ።

እኔ ወታደሩን አልወቅስም፣ የታዘዘውን በጀግንነት ፈጽሟል። የምጠይቀው፣ በመጨረሻ ከምንነጋገረው ሰው ጋር መጀመሪያ ላይ ድንበራችንን አጥረን ይዘን መነጋገር አይቻልም ነበር ወይ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። በማርች 2003 ዋይት ሃውስ ባወጣው የኢራቅ ጦርነት ደጋፊዎች ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያም ኤርትራም ነበሩ። ሁለቱም ከባድመ የመጡ፣ ገና ሬሳቸውን ቀብረው ያልጨረሱ አገሮች። ይሄን ሳስብ ያመኛል።

ሐቁን እንነጋገር፦

ባይደዋ፣ ወንድምህ በሰላም በመመለሱ እንኳን ደስ አላችሁ። ያልከው ገብቶኛል፣ እቀበላለሁም። አሁንም ግን አንድ ሪአክተር በአንድ ሌሊት መምታትና አገር መውረር አንድ አይደሉም። በኔ በኩል ሪአክተሩን ልምታ፣ አገሩን ግን አልግባ እላለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልዩነቱን ማንሣትህ ተገቢ ነው። ግን ኦሲራክን እይ። በጁን 1981 እስራኤል የኢራቅን ሪአክተር ባግዳድ አጠገብ በአንድ ምት አፈረሰች። የተመድ የጸጥታ ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ አወገዘ፣ አሜሪካም ጭምር። ሳዳም ከዚያ በኋላ አልተወውም፣ ደበቀው። በ1991 ተቆጣጣሪዎች ሲገቡ ከተገመተው የሰፋ ድብቅ ፕሮግራም አገኙ። ያንን ያፈረሱት ደግሞ እነሱ ናቸው፣ በቁልፍና በመዝገብ። የሶሪያው ተሳክቷል፣ እቀበላለሁ። የትኛው እንደ ሶሪያ፣ የትኛው እንደ ኢራቅ እንደሚሆን ግን አስቀድሞ የሚነግርህ የለም። ያም ሆኖ ያንተ ጥያቄ ከኔ መልስ ይበልጥ እንቅልፍ ይነሣኛል።

የጎፋው ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ የዱላውን ነገር ለአጎቴ ነገርኩት። «እሱስ ይሁን፣ ግን ዱላው ኒውክሌር ሲሆን ከተነሣ በኋላ ጊዜ የለህም» አለኝ። ይሄ ከባድ መልስ ነው፣ አልክደውም። እኔ ግን አሁን የማምነው፣ ተቆጣጣሪ እዚያ ውስጥ ካለ ዱላውን ሲቆርጥ ታየዋለህ። ተቆጣጣሪውን የሚያስወጣ ማንም ይሁን፣ እነሱም ይሁኑ እኛ፣ እኔ የምፈራው እሱን ነው።

እህቴ ከሐይፋ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ጭምብሉን አውልቁ የሚላችሁ ማን ነበር?

ከሐይፋ፦

ራዲዮው ነዋ። በየአካባቢው ስም እየጠራ ይለቀን ነበር። እኔ ለአባቴ «አሁን ማውለቅ ይቻላል ይላል» እለዋለሁ። እሱ ግን መጀመሪያ የራሱን ብቻ ያወልቅና ትንሽ ይተነፍሳል። እኛን እያየ ይቆያል። ከዚያ ነው በእጁ ምልክት የሚሰጠን።